ቁጥሩ ከየት መጣ? የቢዝነስ ተማሪ የመጀመሪያው ስታቲስቲክስ

የማኔጅመንት ወይም የማርኬቲንግ ተማሪ የመመረቂያ ጥናቱን ሲጽፍ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሳይጠቅሰው የማያልፍ አንድ ቀመር አለ፤ የታሮ ያማኔ የናሙና መጠን ቀመር። የደንበኞቹን ጠቅላላ ብዛት ያስገባበታል፣ አምስት በመቶ የስህተት መጠን ይሰጠዋል፣ ቀመሩም የሚጠየቁትን ሰዎች ቁጥር ያወጣለታል። ለአሥር ሺህ ደንበኛ 385፣ ለመቶ ሺህ 398፣ ለአንድ ሚሊዮን 400። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪው መጠይቁን አባዝቶ ወደ ቅርንጫፉ ይሄድና ወረፋ የሚጠብቀውን፣ ፊቱ የፈታውን፣ የጓደኛውን ጓደኛ ያስሞላል። ቀመሩ የተሠራው በዕጣ ለተመረጠ ናሙና ነው። በዕጣ ላልተመረጠ 400 ሰው አምስት በመቶ የሚባለው የስህተት መጠን ምንም ትርጉም የለውም። እንዲያም ሆኖ ተማሪው ጥናቱን ይከላከላል፣ ኤ ያገኛል፣ ጥራዙም ቤተ መጻሕፍት ይገባል።

ጥፋቱ የተማሪው ብቻ አይደለም፤ የስታቲስቲክስ ኮርሱ ራሱ የሚያስተምረው እንዲሁ ነው። አማካይና ሚዲያን፣ ስርጭት፣ ፕሮባቢሊቲ፣ ኖርማል ከርቭ፣ ናሙና፣ የመላምት ፍተሻ፣ ጊዜ ከተረፈ ሪግሬሽን። ብዙ ጊዜ አይተርፍም። በየምዕራፉ ቀመር ይሰጣል፣ መልመጃ ይሠራል፣ ፈተናው ላይም በካልኩሌተር የሚወጣ ቁጥር ይጠየቃል። በእኔ እይታ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለነጋዴውም ለሥራ አስኪያጁም የሚጠቅሙት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? እንደገና ብንለካውስ ምን ያህል ይለዋወጥ ነበር? የቀሩት ምዕራፎች እነዚህን ለመመለስ የቆሙ ናቸውና በዚሁ ሚዛን እንያቸው።

ከአማካይ እንጀምር። አሥር ሠራተኞች ያሉት ድርጅት አለ እንበል፤ ዘጠኙ በወር 8,000 ብር፣ ሥራ አስኪያጁ 128,000 ብር ያገኛሉ። አማካይ ደመወዙ 20,000 ብር ነው፤ ድርጅቱ ውስጥ 20,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግን የለም። ሚዲያኑ፣ ማለትም ደመወዞቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ የሚገኘው፣ 8,000 ነው። «አማካይ ደመወዛችን 20,000 ነው» ብሎ የቅጥር ማስታወቂያ የሚያወጣ ድርጅት አልዋሸም፤ የሚያታልል እውነት ተናገረ እንጂ። ገቢ፣ የቤት ኪራይ፣ የባንክ ተቀማጭና የሱቅ ሽያጭ ሁሉም በጥቂት ትልልቅ ቁጥሮች ወደ ላይ የሚጎተቱ ስለሆኑ እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሚዲያን ነው። ይህ ማለት አማካይ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የደመወዝ በጀት የሚሠራው አካውንታንት የሚፈልገው አማካይን ነው፤ በአሥር ሲያባዛው ድርጅቱ በየወሩ የሚያወጣውን 200,000 ብር በትክክል ይሰጠዋል። ሚዲያን ይህን አያደርግም። ተራውን ሰው ለማወቅ ሚዲያን፣ ድምሩን ለማወቅ አማካይ ነው።

ከአማካይ ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በመቶኛ ላይ ነው። የአንድ ሱቅ ሽያጭ በአንድ ዓመት በ100 በመቶ አደገ፣ በሚቀጥለው በ50 በመቶ ወደቀ። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፈለ ሰው በዓመት በአማካይ የ25 በመቶ እድገት ያገኛል፤ ሱቁ ግን ከመቶ ሺህ ወደ ሁለት መቶ ሺህ ወጥቶ ተመልሶ መቶ ሺህ ላይ ነው ያለው። የሚባዛ ነገር በድምር አማካይ አይለካም፤ ለዚህ የተሠራው ጂኦሜትሪክ አማካይ የሚባለው ነው፣ መማሪያ መጽሐፉም በግማሽ ገጽ ያልፈዋል። የዋጋ ግሽበት ዜናም በዚሁ በኩል ሰውን ግራ ያጋባል። ግሽበቱ ከ30 ወደ 20 በመቶ ወረደ ሲባል ገበያ ወጥቶ የረከሰ ነገር የሚፈልግ ሰው አለ። መቶ ብር የነበረው ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 130፣ በሁለተኛው 156 ብር ገብቷል፤ የቀነሰው የአወጣጡ ፍጥነት ነው። በዚያ ላይ ግሽበት የብዙ ዋጋዎች ሚዛናዊ አማካይ ነው። በአገራችን ስሌት ምግብ ከግማሽ በላይ ክብደት ይይዛል። ስለዚህ ደመወዙ በአብዛኛው ለቤት ኪራይ የሚሄድበት የአዲስ አበባ ሠራተኛ «የእኔ ኑሮ ከሚባለው በላይ ነው የተወደደው» ቢል ግሽበቱን የሚያሰላውን የስታቲስቲክስ አገልግሎት ውሸታም ማለቱ ላይሆን ይችላል። የእሱ ቅርጫት ሌላ ነው።

ስርጭት ላይ ስንደርስ ክፍሉ ማንቀላፋት ይጀምራል፤ ለቢዝነስ ሰው ግን ዋናው ነገር እዚህ ነው ያለው። ዕቃ ከጅቡቲ ወደብ የሚያስመጣ ነጋዴ ሁለት አጓጓዦች አሉት እንበል። አንደኛው በአምስት ጉዞ 9፣ 10፣ 10፣ 10 እና 11 ቀን ወስዶበታል፤ ሁለተኛው 3፣ 4፣ 7፣ 12 እና 24። የሁለቱም አማካይ አሥር ቀን ነው። ከአማካዩ የመራቃቸው መለኪያ የሆነው ስታንዳርድ ዲቪዬሽናቸው ግን የመጀመሪያው 0.7 ቀን፣ የሁለተኛው 8.6 ቀን ገደማ ነው። ከሁለተኛው ጋር የሚሠራ ነጋዴ መጋዘኑ ውስጥ የሁለት ሳምንት ትርፍ ዕቃ ማስቀመጥ አለበት፤ ገንዘቡ እዚያ ታስሮ ይቆያል፣ ኪራይም ይከፍላል፣ ወለድም ይቆጥርበታል። ይህ ወጪ አማካዩ ላይ አይታይም። የመጠባበቂያ ክምችት፣ የኢንሹራንስ አረቦን፣ የባንክ መጠባበቂያ ገንዘብ፣ የኢንቨስትመንት ስጋት የሚባሉት ሁሉ የሚሰሉት በመለዋወጥ ላይ ነው።

የቤል ስልክ ኩባንያው ዋልተር ሹሃርት እ.ኤ.አ. በ1924 የመጀመሪያውን የጥራት መቆጣጠሪያ ቻርት የሠራው መለዋወጡን ለሁለት ለመክፈል ነው፤ ሁልጊዜ የሚኖረው ተራ መዋዠቅ በአንድ ወገን፣ ምክንያት የሚፈለግለት ለውጥ በሌላ ወገን። ሽያጭ ከባለፈው ሳምንት አራት በመቶ ቀነሰ ብሎ አስቸኳይ ስብሰባ የሚጠራ አለቃ ያለው ሰው የሹሃርትን ዋጋ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ፕሮባቢሊቲ ሰፊ ምዕራፍ ነው፤ ካርታና ዳይስ ግን ለእኛ ተማሪ ብዙም አይነግሩትም። የብድር ምሳሌ ይሻላል። ከ1,000 ተበዳሪዎች 50ው የማይመልሱ ናቸው እንበል። በስልክ ብድር የሚሰጥ አንድ ሥርዓት ከማይመልሱት 80 በመቶውን ለይቶ «አደገኛ» ይላል፤ ከሚመልሱትም ውስጥ 10 በመቶውን በስህተት አደገኛ ይላል። ጥሩ ሥርዓት ይመስላል። አሁን አንድ ሰው አደገኛ ተብሎ ወጣ፤ በእርግጥ የማይመልስ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 80 በመቶ ይላል። እንቁጠር። ከማይመልሱት 50 ሰዎች 40ው ተለይተዋል፤ ከሚመልሱት 950 ሰዎች 95ቱ በስህተት ገብተዋል። አደገኛ ከተባሉት 135 ሰዎች በእርግጥ የማይመልሱት 40 ብቻ ናቸው፣ 30 በመቶ ገደማ። ከአሥሩ ሰባቱ ያለ ጥፋታቸው ተከልክለዋል። የቤዝ ቀመር የሚባለው ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም፤ በመቶኛ ከማሰብ ይልቅ በሰው ቁጥር ቢማሩት በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ነው። ኖርማል ከርቭን ደግሞ ገቢና ሽያጭ ላይ በግድ አለመጫን ነው፤ ትልቁ ሥራው የናሙና አማካዮች ከናሙና ወደ ናሙና እንዴት እንደሚለዋወጡ ማሳየት ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን፤ ናሙና። ያማኔ ቀመር ላይ ተመልሰው ቢያዩት አንድ የሚገርም ነገር አለ፤ ደንበኛው ከመቶ ሺህ ወደ ሚሊዮን ሲያድግ ናሙናው በሁለት ሰው ብቻ ጨመረ። የወጥ ጨው ለመቅመስ ድስቱ የቤትም ይሁን የሠርግ አንድ ጭልፋ ይበቃል፤ በደንብ መማሰሉ ነው ቁም ነገሩ። ከድስቱ ስፋት ይልቅ ጠንቅ የሚሆነው አለመማሰሉ ነው። የናሙናውን መጠን ማብዛት ደግሞ የሚረዳው እየሰሰተ ነው። መቶ ሰው በዕጣ ቢጠየቅ ስህተቱ አሥር በመቶ ገደማ ነው፤ አራት መቶ ቢሆን አምስት፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ቢሆን ሁለት ተኩል። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ገንዘብ ያስፈልጋል ማለት ነው። የገበያ ጥናት በጀት የሚያጸድቅ ሰው ይህችን አንዲት ነገር ቢያውቅ ይበቃዋል።

አለመማሰል ምን እንደሚያደርግ ለማየት በዓለም ሁሉ የሚጠቀሰው የሊተራሪ ዳይጀስት ውድቀት ነው። ይህ የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1936 ለፕሬዚዳንታዊው ምርጫ አሥር ሚሊዮን ያህል የድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ ላከ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተሞልቶ ተመለሰለት። አልፍ ላንደን ያሸንፋል ብሎም ጻፈ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ወሰዱ። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋለፕ በ50 ሺህ ገደማ ሰዎች አሸናፊውን በትክክል ተናገረ። መጽሔቱ አድራሻ የሰበሰበው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች ዝርዝር ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ካርዱን ሞልቶ የመለሰውም ከአራት ሰው አንዱ እንኳ አይሞላም፤ ሞልቶ የሚመልስ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ያለው ሰው ነው። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ተዘጋ። ዛሬ በቴሌግራም ቻናል ላይ ምርጫ ለጥፎ «ሃያ ሺህ ሰው መለሰልን» የሚል ድርጅት የሚደግመው ይህንኑ ነው።

በደንብ የተማሰለ ናሙና ምን እንደሚመስል ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት መክፈት ነው። መነሻው የ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ነበር፤ ለቆጠራው አገሪቱ በ84,915 የቆጠራ ቦታዎች ተከፋፍላ ነበር፣ በእያንዳንዱ በአማካይ 181 ቤተሰብ። አጥኚዎቹ ክልሎቹንና ሁለቱን የከተማ አስተዳደሮች ወደ ከተማና ገጠር ከፍለው 21 ምድቦች አወጡ፤ ከእነዚህ 645 የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ መረጡ፣ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር። ከዚያ በየቦታው ሄደው ያሉትን ቤቶች እንደገና ዘረዘሩ፤ ከየዝርዝሩ 28 ቤተሰብ መረጡ። በመጨረሻ 16,650 ቤተሰቦች ተጠየቁ፤ ሰው ከተገኘባቸው ቤቶች 98 በመቶው መልስ ሰጥቷል። ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ናቸው የሚለው፣ በየስብሰባው ሲጠቀስ የኖረው ቁጥር የመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ሕፃናት ምግብ ወይም ስለ ሳሙና ገበያ የሚያጠና ድርጅት ከዚህ የሚወስደው ብዙ ነው። ቤቶቹ ለምን እንደገና ተዘረዘሩ? ዝርዝሩ ስላረጀ። በ1999 ሜዳ የነበረው ቦታ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የተሠራበት ሊሆን ይችላል፤ አሮጌውን ዝርዝር ብቻ የያዘ ሰው አዲሶቹን ነዋሪዎች በጭራሽ አያገኛቸውም። በ2011 ሊካሄድ የታሰበው አራተኛው ቆጠራ መራዘሙን ላስታወሰ ሰው ይህ ችግር የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ሌላም አለ። አንድ ሰፈር ያሉ 28 ቤተሰቦች ይመሳሰላሉ፤ አንድ ገበያ ይሸምታሉ፣ አንድ ውሃ ይቀዳሉ። ስለዚህ በየሰፈሩ ተሰብስበው የተጠየቁ ሰዎች በአገር ሙሉ ተበትነው ከተመረጡት ያነሰ መረጃ ይሰጣሉ። ጥናቱ ይህን በስህተት ስሌቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ በሦስት ቅርንጫፍ 400 ሰው የጠየቀው የመመረቂያ ጥናት ግን አያነሳውም።

ዝርዝሩ ራሱ ከተበላሸ ዕጣው ምንም ንጹሕ ቢሆን አያድንም። ሐምሌ 2014 ላይ አዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ያወጣችው ዕጣ የተሰረዘው መመዘኛውን የማያሟሉ ሰዎች ስም በዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ በመገኘቱ ነው። ያ የቤት ዕድል እንጂ የናሙና ጥናት አልነበረም፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። የናሙና ዝርዝሩን ያልመረመረ ጥናት ከመነሻው ተበላሽቷል።

የመላምት ፍተሻ ከቢራ ጠመቃ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። ዊሊያም ጎሴት በደብሊን የጊነስ ቢራ ፋብሪካ የሚሠራ ኬሚስት ነበር። ገብስ ሲፈትሽ በጥቂት ናሙና መወሰን ነበረበት፤ የነበረው ስሌት ደግሞ ለብዙ ናሙና ብቻ የሚሆን ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ እ.ኤ.አ. በ1908 መፍትሔውን «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አወጣው። ተማሪዎች ቲ ቴስት የሚሉት ይህ ነው።

ፍተሻው የሚሰጠው ውሳኔ ሁለት ዓይነት ስህተት እንዳለው ከቡና ደረጃ ምደባ የተሻለ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም። ከጭነቱ ከተለያዩ ጆንያዎች ናሙና ይወጣል፤ ከዚያ በ300 ግራም ጥሬ ቡና ውስጥ ያለው ጉድለት ይቆጠራል። እስከ ሦስት ጉድለት ከሆነ አንደኛ ደረጃ፣ ከአራት እስከ አሥራ ሁለት ሁለተኛ፣ እያለ ይወርዳል፤ ቅምሻውም ከዚያ ይጨመራል። ጥሩ ጭነት በናሙናው መጥፎ ዕድል ዝቅ ያለ ደረጃ ቢያገኝ አቅራቢው ይጎዳል። መጥፎው ከፍ ያለ ቢያገኝ ገዢው ይጎዳል። መለኪያውን ባጠበቅን ቁጥር አንዱ ስህተት ሲቀንስ ሌላው ይጨምራል፤ ሁለቱን አብሮ የሚቀንስ ነገር ናሙናውን ማብዛት ብቻ ነው። ተማሪው ዓይነት አንድ እና ዓይነት ሁለት የሚለውን ለፈተና ከሚሸመድድ ማን ይከፍላል ብሎ ቢጠይቅ አይረሳውም።

ፍተሻው የሚያወጣው ፒ ቫልዩ ላይ፣ ማለትም በእርግጥ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ላይ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ 0.05ን ለአሠራር የሚመች ወሰን አድርጎ ተጠቀመበት፤ ዛሬ ከ0.05 ያነሰ ሁሉ እውነት፣ የበለጠ ሁሉ ውሸት ሆኗል። ምንም ግንኙነት የሌላቸው ሃያ ጥያቄዎች ቢፈተሹ ቢያንስ አንዱ ከ0.05 በታች የመውጣቱ ዕድል 64 በመቶ ነው። ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሁሉንም ከሁሉም ጋር አገናኝቶ ከ0.05 በታች ለወጣ ውጤት የሚሰጠው ኮከብ ያለበትን የሚመርጥ ሰው ሁልጊዜ ኮከብ ያገኛል። በሌላ በኩል መቶ ሺህ ደንበኛ ያለው መረጃ ላይ ለሥራ ምንም የማይረባ ልዩነት እንኳ ኮከብ ይለብሳል። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ፒ ቫልዩ የውጤትን ትልቅነትም ሆነ አስፈላጊነት እንደማይለካ በግልጽ የሚናገር መግለጫ አውጥቷል። ልዩነቱ በብር ስንት ነው? ከስንት እስከ ስንት ሊሆን ይችላል? ሥራ አስኪያጁ የሚፈልገው ይህን ነው፤ የመተማመኛ ክልል የሚባለው ይህን ይመልሳል፤ ከፒ ቫልዩ ቀድሞ ቢሰጥ እመርጣለሁ።

ሪግሬሽን በመጨረሻው ሳምንት ስለሚጣደፍ የመጀመሪያው ግኝቱ ተረስቷል። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1886 የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 ልጆችን ቁመት ሲያነጻጽር በጣም የረጃጅሞች ልጆች ከወላጆቻቸው አጠር፣ በጣም የአጫጭሮቹ ረዘም ብለው ወደ መካከል እንደሚመለሱ አየ። ይህ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በዚህ ሩብ ዓመት የመጨረሻውን ደረጃ ያገኘው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ተቆጥቶት በሚቀጥለው ይሻሻላል፤ አንደኛ ወጥቶ የተሸለመው ይወርዳል። ቁጣ ይሠራል፣ ሽልማት ያሰንፋል የሚል አለቃ የሚወለደው ከዚህ ነው። በሁለቱም ቅርንጫፎች ውጤት ውስጥ ዕድል ነበረበት፤ ዕድሉ አልተደገመም፣ ያ ነው የሆነው። ማሠልጠኛ ወይም ማስታወቂያ ውጤት ማምጣቱን ለማወቅ ደካማ ቅርንጫፎችን ብቻ መርጦ ማሠልጠን የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ከደካሞቹ መካከል ግማሹን በዕጣ አሠልጥኖ ግማሹን መተውና ማነጻጸር ነው። ኮሪሌሽን ምክንያት አይደለም የሚለውን ሁሉም ይደግመዋል፣ ይህን ግን ጥቂቱ ይሠራዋል።

ለሚያስተምሩ መምህራን አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ ከመልመጃዎቹ ግማሹ ቀርቶ ተማሪዎች አንድ ጊዜ እንኳ ከእውነተኛ ዝርዝር በዕጣ ሃያ ስም አውጥተው፣ ያጡትን ሰው ሁለት ጊዜ ሄደው ፈልገው ይምጡ። የመመረቂያ ጥናት በመጻፍ ላይ ላሉት ደግሞ፦ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ከያማኔ ቀመር በታች ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ሰዎቹን ከየትኛው ዝርዝር አገኛችኋቸው? እንዴት መረጣችኋቸው? ስንቱ አልመልስም አለ? በዕጣ ካልመረጣችሁም በዕጣ አልመረጥንም ብላችሁ ጻፉ፤ አምስት በመቶውንም ሰርዙት።